ቶይባ ባሏን በሽማግሌ ያስጠየቀች ዕለት

ሽማግሌ የሆንኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው። ምክንያቱ ጸጉሬ ነው። አባቴም የአባቴ አባትም ገና ጎልማሳ ሳሉ ሸብተዋል፤ እኔም ሳልጠየቅ ወረስኩ። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሽበቴ ያመጣልኝ ጥቅም ቢኖር አውቶቡስ ውስጥ ወንበር የሚለቅልኝ ሰው አለመጥፋቱ ነበር።

መርሳ ላይ፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ሱቅ አለኝ። ሳሙና፣ ስኳር፣ ባትሪ፣ የልጅ ብስኩት እሸጣለሁ። የሱቄ የኋላ ግድግዳ ለቶይባ ቤት የጎን ግድግዳ ነው። ቆርቆሮ ስለሆነ የቤቷን ወሬ ለመስማት ጆሮ ማቆም አያስፈልግም፤ ጥረት የሚጠይቀው አለመስማቱ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ የምጥር ሰው አይደለሁም።

የቶይባ ባል ኡስታዝ ሚስባህ ይባላል። ደግ፣ የተማረ፣ ሳቂታ ሰው ነው። ሥራው ወልድያ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ሙስሊም ተማሪዎችን ጀመዓ ያስተምራል። ያስተምራል የምለው ለአነጋገር ያህል ነው። ፈተና የወደቀ ይደውልለታል። ያለፈም ይደውልለታል። መስኮት ይከፈት አይከፈት ብለው የተጣሉ ሁለት የዶርም ልጆች እሱ ካልመጣ አይታረቁም። የካፌ ሽሮ ሆዱን የነፋው ተማሪ ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ለኡስታዝ ይነግራል። ኡስታዝ ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፦ «እሺ፣ መጣሁ።»

ለሚስቱም የሚላት ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ለእነሱ ይመጣል።

ሦስት ልጆች አሏቸው። ረዲ አምስት ዓመቱ ነው፤ ጥያቄ ብቻ ነው የሚናገረው። ኒዕማ ሦስት ዓመቷ ነው። ጨቅላው ጥርስ እያበቀለ ስለሆነ ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፤ የኔን ጣት ጨምሮ። ነገሩ ሁሉ የተነሳው በኒዕማ ነው። ኒዕማ አባቷን የምታውቀው በስልክ ነበር። አመሻሽ ላይ ይደውላል፤ እናቷ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ታደርግላታለች፤ ተጫውታ ስትጨርስ ስልኩን ትስመውና ትራስ ላይ ታስተኛዋለች። ለሷ አባት ማለት ያ ነው፤ ጥቁር፣ ቀጭን፣ አንዳንዴ ባትሪ የሚጨርስ።

ሰኞ ዕለት ኡስታዝ ሳይታሰብ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መጣ። በሩን ከፍቶ ሲገባ ኒዕማ ወደ ትራሱ ሮጠች። አረንጓዴዋን መጫን ታውቅበታለች።

«አባዬ!» ብላ ጮኸችበት። «ቶሎ ና! አንድ ሰውዬ ቤታችን ገብቷል!»

የኡስታዝ ኪስ ጮኸ። እሱም ልማድ ሆኖበት አነሳው።

«እሺ፣ መጣሁ» አለ።

እኔ ከቆርቆሮው ወዲህ ስኳር ማዳበሪያ ላይ በሳቅ ተደፋሁ። ከቆርቆሮው ወዲያ ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ቶይባ ጨቅላውን አዝላ ሱቄ መጣች።

«ይርጋ፣ ሽማግሌ ሁነኝ።»

«ከማን ተጣላሽ?»

«ከማንም። ባል ላስጠይቅ ነው።»

እሷን አየሁ፤ ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ አየሁ።

«አግብተሻል እኮ፣ ቶይባ።»

«አግብቻለሁ። አላገኘሁትም።»

«ታዲያ ለምን ለራሱ አትነግሪውም?»

«ስነግረው እሺ ይለኛላ! እሺ ያለው ሰው ሁሉ ቢሰለፍ ከዚህ ውርጌሳ ይደርሳል። እኔ ከነልጆቼ ከሰልፉ ጫፍ ነኝ። ሰው የሚጠየቀው ካለበት ቤት ነው፣ ይርጋ። እሱ ያለው ጀመዓው ዘንድ ነው። ከጀመዓው ጠይቁልኝ። ከሰጡኝ ሰጡኝ። ካልሰጡኝ ዓርብ ልጆቼን ይዤ ግራና አባቴ ቤት እገባለሁ። ለሀይሉም ወንበር ያዝልኝ ብዬዋለሁ።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ፊቷ ላይ ቀልድ አልነበረም። እንቅልፍም አልነበረም።

ሀይሉ ከመርሳ ወልድያ፣ አንዳንዴም ግራና የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ሄጄ ጠየቅሁት። ወንበሩን በእርግጥ ይዞላታል። እሱንም ሽማግሌ ሁን ብላዋለች፤ እሱም እያጉረመረመ ነበር።

«ኡስታዝ ደንበኛዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ይሳፈራል። አሁን እኔ በገዛ እግሬ ሄጄ፣ በገዛ አፌ፣ ተሳፋሪዬን ቤት አስገብቼ ልቆልፍበት?»

«አትመጣማ።»

«አልመጣም ማን አለ? ለኔ ሚስት ነገረቻት እኮ!»

ዋናው ሽማግሌ የእናቷ ወንድም አብዬ ኑርሁሴን ናቸው። ከግራና አስጠራቻቸው። በእሳቸው አፍ ያልተጠየቀች የግራና ሙሽራ ጥቂት ናት፤ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም ይባላል። ይህን የሚሉት በብዛት እሳቸው ናቸው። ጉዳዩን ሲሰሙ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«ወንድ በሽማግሌ ተጠይቆ ያውቃል እንዴ፣ ቶይባ?»

«አያውቅም፣ አጎቴ። ያገባ ወንድስ እንዲህ ጠፍቶ ያውቃል?»

«አባትሽ ሙሐመድዘይን ቢሰማ ምን ይላል?»

«አንቱ ካልተሳካሎት ዓርብ በአፌ እነግረዋለሁ።»

አብዬ ኑርሁሴን ትንሽ አሰቡ። «ካልተሳካሎት» የሚለው ቃል እንዳልጣማቸው ያስታውቃል።

«ጥምጣሜን አምጪ» አሉ።

ሐሙስ ከሰዓት በሀይሉ ሚኒባስ ጉዞ ጀመርን። ሐሙስ የደርስ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቀን ስለሆነ ተማሪዎቹ ተሰብስበው ይገኛሉ። ስሪንቃን እስክናልፍ አብዬ ኑርሁሴን ሕጉን ሲያስረዱን ነበር። የሚናገሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። እኛ ቆመን «እውነት ነው» እንላለን። የልጅቷ ስም በመጀመሪያው ቀን አይጠራም፤ ስም የሚወጣው ቤተሰቡ ልቡን ሲያለሰልስ ነው።

«መጀመሪያ እምቢ ይላሉ» አሉ። «እምቢታ ወግ ነው። ወዲያው እሺ ያለ ቤት ልጁን ሊያራግፍ የቸኮለ ቤት ነው፤ ከዚያ ቤት ሽሽ።»

«አብዬ፣ ጀመዓ ዘንድ ስንሄድ የኛ ማተብ አያስቸግርም?» አለ ሀይሉ ወደኔ እያሳየ።

«ማተብህ ምን አድርጎ? ሽማግሌ የሚያስቸግር በአፉ ነው። አንተ አፍህን ያዝ።»

ከመስጂዱ ጀርባ ተማሪዎቹ ቁርኣን የሚቀሩበት ሰፊ የኪራይ ቤት አለ። ወንዶቹ ወደ ፊት፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆነው ኡስታዝን ይጠብቁ ነበር። ኡስታዝ ዘግይቷል። በመስኮት የተጣሉትን ልጆች ሊያስታርቅ ነው የሄደው። የጀመዓው አሚር ሂሻም የሚባል የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነው፤ ጢሙም እንደ ሙያው ገና በግንባታ ላይ ነበር።

«አባቶቻችን፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለን። አባቶቻችን ያለው ማንን እንደሆነ ለማየት ወደ ኋላ ዞርኩ።

«አንቀመጥም» አሉ አብዬ ኑርሁሴን።

«ኧረ በአላህ፣ ለምን?»

«ፈላጊ ቆሞ ነው የሚናገር።»

ይህን የማያውቅ የሀገሬ ሰው የለም። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ገባው። ከመጋረጃው ወዲያ ሹክሹክታ እንደ ንፋስ አለፈ፤ አንዷ ሳል ሳል አለች፤ አንዷ «ወላሂ አንቺን ነው» ስትል ሰማሁ፤ «ሂጅ እዚያ!» ተባለች። ሂሻም ተነሳ፤ ተቀመጠ፤ እንደገና ተነሳ። አጠገቡ ወዳለው፣ ዓሪፍ ወደሚባል ተማሪ ጎንበስ ብሎ፣ «የልጅ አባት ምንድን ነው የሚለው?» አለው። ዓሪፍ ትከሻውን ነቀነቀ። እሱም የሚያውቀው ከሠርግ ቪዲዮ ነው።

አብዬ ኑርሁሴን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ጥሩ ዛፍ ፍሬው ከአጥር በላይ ይታያል። እኛም በመንገድ ስናልፍ አየን። ከእጃችሁ አንድ ዕንቁ አለ። በእኛም ቤት ዲኗን የያዘች፣ እጇ የሠራ፣ አንደበቷ የታረመ ልጅ አለች። ዕንቁውን ለልጃችን ብለን፣ አላህን አስቀድመን፣ እግራችን እስኪቀጥን መጣን።»

በሚኒባስ ነው የመጣነው። ግን «እውነት ነው» አልን።

«ለልጃችሁ?» አለ ሂሻም። «ማንን?»

«ኡስታዝ ሚስባህን።»

 ሀይሉ ቁልፉን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ አዛወረ። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ።

መጋረጃው ተገፍቶ አንዲት ቀጭን ልጅ ብቅ አለች። የሴቶቹ ኃላፊ ሀስና ናት፤ ነርስነት ትማራለች።

«አባባ፣ ኡስታዝ እኮ ባለትዳር ነው!»

«እናውቃለን።»

«ሦስት ልጆች አሉት!»

«ማሻአላህ፣ እናውቃለን። ልጃችንም በጣም ትወዳቸዋለች። እንደ ወለደቻቸው ነው የምታያቸው።»

ሀይሉን ሳል ያዘው። እኔ የጣሪያውን ማገር በጥንቃቄ መመርመር ጀመርኩ።

«ሚስቱስ? እህት ቶይባ ይህን ታውቃለች?»

«እሷው ናት የላከችን» አሉ አብዬ ኑርሁሴን። «እንባዋ እየመጣ ነው የላከችን።»

ሀስና እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከመጋረጃው ወዲያ ደርዘን ጊዜ «ሱብሐነላህ» ተባለ፤ አንዷ ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። ሂሻም ፊቱ ቀላ። ድምፁ ከየት እንደመጣ ለራሱም አልገባውም፦

«አንሰጥም!»

አብዬ ኑርሁሴን በደስታ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አሉ። «አየህ? ወግ ያውቃሉ። ደህና ቤተሰብ ነው።»

«አብዬ፣ እኔ እንደሚመስለኝ…»

«ዝም በል፣ አታበላሽ። እንዲህ ያለ ያማረ እምቢታ ከሰማሁ ቆየሁ።» ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ምክንያታችሁን እንስማ» አሉ።

«ምክንያት?» አለ ሂሻም። «ጊዜ የለውማ! አንዷን ሚስቱን መቼ አየና ነው? ቅዳሜ ተፍሲር እኛ ዘንድ ነው። እሁድ ሲራ እኛ ዘንድ ነው። ሰኞ የአዲስ ገቢዎች ሐለቃ አለ…»

«ሰኞ ቶሎ ሄዷል» አለ ዓሪፍ።

«ቶሎ ሄዶ ደውለንለት ተመልሶ መጣ አይደል እንዴ! ማክሰኞ አንተን ዲፓርትመንት ሲያስመርጥህ አመሸ። ረቡዕ እኔ ለፈተና ዱዓ አድርግልኝ ብዬው እዚሁ አመሸ።»

«ዱዓ በስልክ አይሆንም?» አለ ሀይሉ። አፉን ያዝ የተባለው እሱ ነው።

«አይሆንም ሳይሆን…» አለ ሂሻም።

«ዓርብስ?»

«ዓርብ ጁመዓ ነው። ከዚያ ምሳ ከኛ ጋር ይበላል። ከዚያ እንግዲህ… ሻይ።»

«ታዲያ ቤቱ የሚገባው መቼ ነው?»

 ሂሻም በጣቱ ከቅዳሜ ጀምሮ ቆጠረ፤ ሲጨርስ ቀን አልተረፈውም። ወደ ዓሪፍ አየ፤ ዓሪፍ ወደ ምንጣፉ አየ።

ሀስና ቀስ ብላ ተቀመጠች። «አያችሁ?» አለች ለራሷ ያህል። «ብቻዋን ሆና ነው። ሦስት ልጅ ብቻዋን አቅቷት፣ የሚያግዛት ሰው አጥታ ነው ጣውንት ፈልጋ የላከችው። እዚህ ያደረስናት እኛ ነን።»

«ጣውንት?» አሉ አብዬ ኑርሁሴን። ከዘራቸው ቀጥ አለ። «ጣውንት ያለ ማነው?»

«ሁለተኛ ሚስት እየጠየቃችሁለት አይደለም እንዴ?»

«እኔ? እኔ ለእህቴ ልጅ ጣውንት!» ከዚያ ነገሩ ከየት እንደተበላሸ ገባቸው። ግን ሕጉ ሕግ ነው፤ ስም በመጀመሪያ ቀን አይወጣም። አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉ። ላብ ግንባራቸው ላይ ሲወጣ አየሁ። በሽማግሌነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ፈተና የገጠማቸው አይመስለኝም።

«ልጅቷ ቶይባ ናት!» ብሎ ጮኸ ሀይሉ። «በማርያም፣ ራሷ ቶይባ ናት! ሚስቱ! ባሌን ስጡኝ ነው የምትላችሁ!»

 ሰው ሁሉ የሚያየው በሩን ነው። እኔም ዞርኩ። ኡስታዝ ሚስባህ ጫማውን አውልቆ በእጁ እንደያዘ ደፉ ላይ ቆሟል። መቼ እንደመጣ አላወቅንም። ከፊቱ ግን ሂሻም «ቅዳሜ» ካለበት ጀምሮ እንደሰማ ያስታውቅ ነበር።

መጀመሪያ የሳቀችው ሀስና ናት። ለማፈን ሞክራ በአፍንጫዋ ወጣባት። ከዚያ መጋረጃው በሙሉ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለቀሰችውም ልጅ እንባዋን ሳትጠርግ ሳቀች፤ ዓሪፍ ምንጣፉ ላይ ተኛ። ያልሳቁት አብዬ ኑርሁሴን፣ ኡስታዝና ሂሻም ብቻ ነበሩ። ሂሻም ገና «አንሰጥም» ያለው ቃል ላይ ነበር፤ እንዴት እንደሚወርድ እያሰበ።

«እንግዲህ ስሙ ወጥቷል» አሉ አብዬ ኑርሁሴን ሀይሉን በዓይናቸው እየወጉ። «ወጉ ፈርሷል። ቢሆንም እንቀጥል። የልጃችን ጥያቄ ይህ ነው፦ ከሐሙስና ከእሁድ በቀር የፀሐይ መጥለቂያውን የመግሪብ ሶላት መርሳ፣ ከልጆቹ ጋር ይሰግዳል። ዓርብ ከጁመዓ በኋላ የልጆቹ ነው፤ ሻይ እቤቱም አለ።»

«ሰው ሲጣላስ ማን ያስታርቃል?» አለ አንዱ ከኋላ። ድምፁ የመስኮቱ ልጅ ድምፅ ነው መሰለኝ፤ ገና ከኡስታዝ ጀርባ መግባቱ ነበር።

«አሚራችሁ ያስታርቃላ» አሉ አብዬ።

«እኔ?» አለ ሂሻም።

«አሚር ማለት ምን ማለት ነው ታዲያ?»

ሂሻም ከልቡ አሰበ። «እስከዛሬ እንኳን ማይክ የሚሞክር ማለት ነበር።»

«እኛም ቃል አለን» አለች ሀስና ብድግ ብላ። «ልጃችንን ዝም ብለን አንሰጥም። በወር አንድ እሁድ ቶይባም ትመጣለች። ልጆቹን እኛ እንይዛለን፤ እሷ ቁጭ ብላ ትማራለች። እስካሁን ስሟን በሰላምታ ብቻ ነው የምናውቀው። ያሳፍራል።»

አብዬ ኑርሁሴን ወደኔ አዩ። «እውነት ነው» አልኩ። ከልቤ ያልኩት ያኔ የመጀመሪያው ነው።

«እንግዲህ ልጁ ይጠየቅ» አለ ሂሻም። ትንሽ ድፍረት አግኝቷል። «ኒካሕ ያለ ፈቃድ አይሆንም። ኡስታዝ፣ የሙሐመድዘይን ልጅ ቶይባ ትፈልግሃለች። ፈቃድህ ነው ወይ?»

ኡስታዝ አፉን ከፈተ። ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን፤ ከንፈራችን ላይ አዘጋጅተን ጠበቅነው። አልመጣም። ጆሮው ድረስ ቀላ፣ ዓይኑን ጫማው ላይ ጣለ፣ ዝም አለ። ለሰው ሁሉ እሺ ሲል የኖረው ሰው ለዚህ ጥያቄ እሺ ማለት አቃተው። ዓይኑ ውሃ አዘለ።

«ዝም አለ» አሉ አብዬ ኑርሁሴን ግራ ገብቷቸው።

«ታዲያ ፈቀደ እኮ ነው!» አለ ዓሪፍ ከምንጣፉ ላይ ቀና ብሎ። «ራሱ አይደል ያስተማረን? የልጃገረድ ፈቃድ ዝምታዋ ነው!»

ከዚያ በኋላ ሥርዓት የሚባል ነገር አልቀረም። ሴቶቹ እልል አሉ። አብዬ ኑርሁሴን ዱዓ ጀመሩ፤ «አሚን» የሚለው ግን እየሳቀ ስለሆነ አሚኑ በየቦታው ይወድቅ ነበር። ዱዓው ሲያልቅ ወንበር አምጥተው አስቀመጡን። 

«የዓርቡን ወንበር ለሌላ ሰው ልስጠው?» አለኝ ሀይሉ።

«ስጠው።»

ነገሩ እዚያ ሊያበቃ ይችል ነበር። ግን ሀስና፣ «ሙሽራ ብቻውን አይሸኝም» አለች። ተማሪ ደግሞ አንድ ነገር ከተባለ በቂው ነው። እኔ ከሚኒባሱ ስደርስ ከነመጋረጃው የመጡ ነው የመሰለኝ። ሀይሉ በሩ ላይ ቆሞ በወንበሩ ልክ አስገባ፤ የቀሩት ከኋላ ሌላ መኪና ያዙ። ኡስታዝን መሐል ላይ፣ በሀስናና በመስኮት በኩል በተቀመጡት አብዬ ኑርሁሴን መካከል አስቀመጡት፤ ሀስና ቦርሳዋን በመካከላቸው አደረገች፤ ጭብጨባውና መንዙማው ከመነሐሪያው ሳንወጣ ጀመረ። ዓሪፍ የመኪናውን ጣሪያ ድቤ አደረገው። ሀይሉ «ቀለሙ ይነሳል!» ይላል፤ ራሱ ግን በመሪው ላይ በጣቱ ይመታል።

ስሪንቃ አጠገብ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። አንገቱን አስገብቶ አየ።

«ሠርግ ነው?»

«አዎ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ሙሽራው የታለ?»

ሁሉም ጣቱን ወደ ኡስታዝ ቀሰረ። ኡስታዝ አቀርቅሯል።

«ሙሽሪትስ?»

«ቤት ናት» አለ ሂሻም። «ልጆቿን እያጠበች ነው።»

ፖሊሱ ኡስታዝን አየ፤ ሂሻምን አየ፤ ሽበቴን አይቶ ሁሉንም ነገር በኔ ላይ የጣለ ይመስል፣ «እንግዲህ ይባርክ» ብሎ አሳለፈን።

መርሳ ስንደርስ ማንጎ ሻጮቹ ሳይቀሩ ዕቃቸውን ጥለው ተከተሉን። ቶይባ ጩኸቱን ሰምታ በሩ ላይ ወጣች። ጨቅላውን ታቅፋለች፤ ክርኗ ድረስ አረፋ ነው። ረዲ በአንድ ጎኗ፣ ኒዕማ በሌላው።

ሀስና ወደ ፊት ወጥታ፣ «ሰጥተናል!» አለች።

ቶይባ ሰዉን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። የቀሩትን የጫነው ሁለተኛው መኪናም ያን ጊዜ ደረሰ።

«እኔ ያስጠየቅሁት አንድ ሰው ነው» አለች።

ከዚያ ሳቀች። ከቆርቆሮው ወዲያ ስንት ነገር ሰምቻለሁ፤ ያን ሳቅ ግን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳቋን ሳትጨርስ ሥራ ማከፋፈል ጀመረች። ሂሻም ሽንኩርት ተሰጠው፤ በሦስተኛው ሽንኩርት ላይ እንባው በጉንጩ ሲወርድ፣ «የደስታ ነው» ይላል። ዓሪፍ ውሃ ቀዳ። ሀስና ጨቅላውን ተቀብላ ድዱን በነርስ ዓይን ልትመረምር ጣቷን አስገባች። አላስጠነቀቅኋትም። ጩኸቷ ከኔ ጩኸት ያምር ነበር። ረዲ አብዬ ኑርሁሴንን፣ «ሽማግሌ ለምን ከዘራ ይይዛል? ከዘራው ያረጃል?» እያለ ጥግ አስይዟቸዋል፤ ሲጠየቁ እንጂ ሲጠይቁ አላያቸውም ማንም።

«እኔስ ምን ልሥራ?» አለ ኡስታዝ።

«አንተ ሙሽራ ነህ። ተቀመጥ» አለችው ቶይባ።

ተቀመጠ። ኒዕማ ራቅ ብላ አየችው። ቀረብ ብላ አየችው። ከዚያ አንድ እግሯን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠች።

«ሰውዬ፣ ጫማዬ ተፈቷል።»

ኡስታዝ ክሩን አሰረ። የመጀመሪያው ላላ፤ እንደገና አሰረው። ኒዕማ ሌላውን እግሯንም አወጣች፤ ያኛው አልተፈታም ነበር፤ ፈታችውና ሰጠችው። ያንንም አሰረ። ስንት ጊዜ እንደተፈታና እንደታሰረ አልቆጠርኩም። መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ላይ ወጣች፣ አንገቱን ያዘች፣ ጢሙን እንደ ጨርቅ ሸተተችው፣ ተኛች።

አዛን ሲሰማ ሁሉም ለመግሪብ ተነሳ። ግቢው ውስጥ ምንጣፍና ሰሌን ተነጠፈ፤ ወንዶቹ ተሰለፉ፤ ሴቶቹ ከኋላ። ፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው። ሁሉም ወደ ኡስታዝ አየ፤ እግራቸው ራሱ ወደሱ የሚዞር ይመስላል። ኡስታዝ ኒዕማን ትከሻው ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወደ ፊት አልሄደም። ከኋለኛው ሰልፍ ጫፍ፣ ከረዲ አጠገብ ቆመ፤ ለሂሻምም በአገጩ ቦታውን አሳየው።

ሂሻም ዓይኑ ገና በሽንኩርቱ እንደቀላ ነው። ወደ ፊት ሄደ። አንዴ ዞሮ አየ። ኡስታዝ እንደገና በአገጩ ገፋው። ጀመረ። ድምፁ መጀመሪያ ላይ እንደ አዲስ በር ሲጥ አለ፤ ከዚያ ተከፈተ።

እኔና ሀይሉ ከአጥሩ ውጪ፣ ሞተሩ እንደተነሳ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጠን በተከፈተው በር እናያለን። ሂሻም ዕድሉ እንዳያመልጠው ነው መሰለኝ ረጅሙን የቁርኣን ምዕራፍ ይዞታል። አብዬ ኑርሁሴን ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ያዛውራሉ። ከሴቶቹ ሰልፍ የቶይባ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፤ ለክብሯ ስል አለቀሰች ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እየሳቀች ነው።

«ቶሎ የሚጨርስ ይመስልሃል?» አለኝ ሀይሉ። «ተማሪዎቹን መልሼ ማድረስ አለብኝ።»

«ማን አስቸኮለህ?» አልኩት።

ሀይሉ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሞተሩን አጠፋው።